ሰላምታ ከጌጤ

ጌጤ ከሮም ወጣ ብላ ባሕር ዳር ባለችው ኦስቲያ ውስጥ፣ በዚያው ሳምንት ሥራ በጀመረችበት ቤት ወለል ላይ ሞታ ተገኘች። የገደላት አስም ነው። ስልኳ ከእጇ ወድቆ ተሰብሯል። ግልጽ ያልሆነው አንድ ነገር ነበር፤ ከመሞቷ ሁለት ሰዓት በፊት ለሀገሯ ልጆች የኢሜይል ግሩፕ «ድረሱልኝ» ብላ ጽፋለች። ስልሳ ሰው ደርሶታል፤ እሷ ዘንድ የደረሰ ግን የለም።

ጉዳዩን የያዘችው የፖሊስ ኢስፔቶሬ፣ መርማሪዋ አሊቼ፣ እናቷ የካዛንቺስ ሰው ስለሆኑ አማርኛ ትናገራለች። በቀብሩ ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ስትመጣ፣ ሐዘንተኛው አስከሬኑን ከቦ ተቀምጧል። አብረኸት ብቻ ከበር ውጭ ቆማለች።

«ለምን አልገባሽም?»

«አትግቢ ብለውኛል። ስደተኛው በሰፈረበት ሕንፃ፣ ሰላም ፓላስ፣ ከጌጤ ጋር ስድስት ዓመት አንድ ክፍል ኖረናል። በቀደም ተጣላን፤ ብትሞቺም አልመጣ አልኳት። ሰው ሰምቷል። ኢሜይሉን በሰዓቱ የከፈትኩትም እኔ ብቻ ነኝ። አሎራ፣ እንግዲያው ገዳይዋ እኔ ነኛ።»

«ከፍተሽ ምን አደረግሽ?»

«ብናገር ማን ያምነኛል?»

አሊቼ ስልኳን ተቀበለቻት። ርዕሱ «ሰላምታ ከጌጤ» ይላል። ውስጡ እንዲህ ይላል፦ «የምስበው መድኃኒት አልቋል፤ ድምፄ አይወጣም። ያለሁበትን ርዕሱ ላይ ጽፌዋለሁ። ድረሱልኝ።»

ደጋግማ አነበበችው። ከዚያ ከሐዘንተኛው መሀል ኦስቲያ ባሕር ዳር አስተናጋጅ የሆነችውን ሶሊን ጠራቻት።

«አየሁት፤ ትሪ ይዤ ነበር» አለች ሶሊ። «ሰላምታ ነው፣ ማታ አነበዋለሁ ብዬ ተውኩት። ከእኔ ባር እዚያ ቤት አምስት ደቂቃ ነው።»

ግሩፑን የሚመሩት አቶ ኃይለመለኮት ጥግ ላይ ነበሩ።

«የግሩፑ የርዕስ ሕግ ምንድን ነው፣ አቶ ኃይለመለኮት?»

«ርዕሱ ጉዳዩን፣ ቦታውንና ስሙን ይናገር ነው። ሰዉ ሜትሮ ውስጥ ቆሞ ነው የሚያነበው፤ ለይቶ ይክፈት ብዬ።»

«ጌጤ ትጠብቀው ነበር?»

«እንደ ጾም።»

አሊቼ አብረኸትን እጇን ይዛ አስገባቻት። ጉርምርምታው እስኪበርድ ጠበቀች።

«ጌጤ ለዚህ ግሩፕ ሃያ ሦስት ጊዜ ጽፋለች። ሃያ ሁለቱ ጉዳይ፣ ቦታና ስም አላቸው፤ የመጨረሻው ብቻ ሰላምታ ይላል። ትንፋሽ ያጠራት ሰው ያለሁበትን ርዕሱ ላይ ጽፌዋለሁ ካለች፣ ጽፋለች። ቦታው ከላከችው በኋላ ጠፍቷል ማለት ነው። አብረኸት ይህን አንብባ ጌጤ ቀድሞ ትሠራበት ወደነበረው ቤት፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ሮጣለች። ጌጤ ኦስቲያ መግባቷን ተኳርፈው ስለነበር አልሰማችም። ትናንት የሕንፃው ፖርቲናዮ፣ በር ጠባቂው፣ ነግሮኛል፤ በዚያ ሰዓት አንዲት ሴት እያለቀሰች አንድ ሰዓት ሙሉ ደወል ደወለች። እንግዲህ ርዕሱን ማን ለወጠው? እዚህ ግሩፕ የሚላክ ማንኛውም መልእክት ለሰው ከመድረሱ በፊት በአንድ ሰው፣ በመሪው እጅ ያልፋል።»

አቶ ኃይለመለኮት ተነሡ።

«አምና ከግሩፑ አባላት አንዷ፣ ልዕልቲ፣ የወንድሟን ሞት ትራም ላይ ከርዕስ አንብባ ወደቀች» አሉ። «መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ቤቱ ገብቶ፣ ተቀምጦ፣ ወዳጅ አጠገቡ ሆኖ ነው። ከዚያ ወዲህ ሞት የሚል ርዕስ ሲመጣ ሰላምታ ብዬ ቀይሬ አሳልፋለሁ፤ ማታ እቤታቸው ይክፈቱት ብዬ። ያን ቀንም የማስታምማቸውን ሽማግሌ እያጠብኩ ነበር። ሞት የሚለውን አየሁ፤ የቀረውን አላነበብኩም።»

«ምን ይል ነበር?»

«ትናንት ፈልጌ አነበብኩት። ‹ልሞት ነው፤ ኦስቲያ፤ ጌጤ› ይላል።»

«ትናንት አውቀው ነው ይቺን በር ላይ ያቆሟት?» አለች አሊቼ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ።

አቶ ኃይለመለኮት ኮፍያቸውን አንሥተው ወደ በሩ አመሩ። ማንም አልከለከላቸውም።

ሶሊ ከፊት አግዳሚ ተነሥታ ለአብረኸት ቦታዋን ለቀቀችላት። አብረኸት ተቀመጠች፤ እጇን ሳጥኑ ላይ አሳረፈች። ዞራ ሳታይ፣

«ይመለሱ፣ አቶ ኃይለመለኮት» አለች። «ለብቻ አይለቀስም።»