የወጌሻው ቤት አራት ብሎኖች

ማክሰኞ ጠዋት የወጌሻው ቤት ግድግዳ ላይ የቀሩት አራት ቀዳዳዎች ብቻ ነበሩ። የነሐስ ሰሌዳው የለም።

ከልደታ ማርያም ጀርባ ያለው ያ ሰፈር ፈርሶ አልቋል። ቆሞ የቀረው ይህ አንድ ቤት ነው። ከተማው ታሪክ ባላቸው ቤቶች ላይ ምልክት ማድረግ ሲጀምር የመጀመሪያው ሰሌዳ የተሰቀለው እዚህ ነበር። «የታዋቂው ወጌሻ የአቶ ገብረየሱስ ቤት» ይላል። ዶዘሩ ግራ ቀኙን ጠርጎ ቤቱን ዞሮት አለፈ።

ሳጅን ሌንሳ ፍርስራሹን እየረገጠች ስትደርስ የምልክት ፕሮግራሙ ኃላፊ ዮፍታሔ በሩ ላይ ይንቆራጠጣል።

«ቆራሌው ነው የወሰደው» አላት። «ጀይላን የሚባለው። ትናንት እዚህ ታይቷል። ቅዳሜ ሁለተኛውን ሰሌዳ ልናስመርቅ ነው፤ የመጀመሪያው ተሰርቆ ማን ያምነናል? እሰሪልኝ።»

ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል። ሌንሳ አላሰረችም። አብነት ሰፈር ድረስ በእግሯ ሄዳ ጀይላንን ከብረታ ብረቱ መሃል አገኘችው።

«ነሐስ ትገዛለህ?»

«ካገኘሁ ለምን አልገዛም?»

«የወጌሻውን ቤት ሰሌዳስ?»

«ስም የተጻፈበትን? እሱን ማን ይገዛኛል? ትናንት የሄድኩት እዚያ ቤት ያሉት እማማ ጠርተውኝ ነው። ድስት፣ ባልዲ፣ የተሰበረ ወንበር ሸጡልኝ። ቤት የሚለቁ ነው የመሰለኝ።»

ያለውን ሁሉ ፈተሸች። ሰሌዳው የለም። የመጨረሻው ቃሉ ግን እስከ ልደታ አብሯት ተመለሰ።

የወጌሻው ልጅ እማማ ወለተሰንበት በሩን ራሳቸው ከፈቱላት። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ እጃቸው ግን እንደ አባታቸው ጠንካራ ነው።

«ሰሌዳው ሲነቀል አልሰሙም?»

«አልሰማሁም ልጄ።»

«ጠዋት መጥፋቱን ሲያዩ ለምን አልጮኹም?»

«ጮኬ ማን ሊደርስልኝ?»

ሌንሳ ወደ መስኮቱ ዞረች። ውጭ ድንጋይና አቧራ ብቻ ነው።

ቤቱን ቃኘች። አልጋው ተፈታትቶ ግድግዳ ተደግፏል። ፍራሹ መሬት ላይ ነው። ልብሱ በማዳበሪያ ታስሯል፤ ፎቶዎቹ ሁሉ ወርደዋል። መስኮቱ ላይ የድልህ ጣሳና አንድ ካቻቢቴ ተቀምጠዋል። ጣሳውን መዳፏ ላይ ገለበጠችው። የአልጋው ብሎኖች ናቸው፤ ዝገዋል። አራቱ ግን አዲስ ናቸው። ጥርሳቸው ላይ የግድግዳው ኖራ አለ።

ነሐስ የሚሰርቅ ሌባ ብሎን አያጠራቅምም። ዕቃውን ሸክፎ ሊሄድ የተነሳ ሰው ግን ያጠራቅማል።

«እማማ፣ የት አደረጉት?»

እማማ ወለተሰንበት ከአንዱ ማዳበሪያ ውስጥ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ።

«ልጥለው ነበር» አሉ። «የአባቴን ስም የት ልጣለው?»

«ለምን ነቀሉት?»

«ጎረቤቶቼን በሙሉ አንድ ሕንፃ ላይ ነው ያስገቧቸው። እነ ሎሚን፣ እነ ባጫን፣ እድርተኛውን ሁሉ። የኔ ቤት ቅርስ ነው ተብሎ ቀረ። ምልክቱ ከሌለ አፍርሰው እነሱ ጋ ይወስዱኛል ብዬ ነው። እዚህ ብሞት ማን ያውቃል?» በነጠላው ፊታቸውን ሸፍነው አለቀሱ።

ተከትሏት የመጣው ዮፍታሔ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰምቷል።

«እማማ፣ ሰሌዳው ቢነቀልም ቤቱ ተመዝግቧል» አለ ቀስ ብሎ። «አይፈርስም። እኔ… ያከበርኩዎት መስሎኝ ነበር።»

«ክስ ታቀርባለህ?» አለችው ሌንሳ።

«በማን ላይ?»

ዮፍታሔ ሰሌዳውን ታቅፎ ሊወጣ ዞረ። ሌንሳ አራቱን ብሎኖች እጁ ላይ አኖረችለትና ካቻቢቴውን ለራሷ አስቀረች። ከዚያ አልጋውን መግጠም ጀመረች። እማማ ወለተሰንበት እግሩን ያዙላት።

«አንቺስ ልጄ፣ የት ነው የምትኖሪው?»

«እዚሁ ልደታ ኮንዶሚኒየም። አራተኛ ፎቅ።»

«ታድለሽ። ፊት ለፊትሽ ማን አለ?»

ሌንሳ የመጨረሻውን ብሎን አጠበቀች። ፊት ለፊቷ ያለው በር ሲከፈትና ሲዘጋ ለዓመታት ሰምታለች።

«አላውቅም እማማ» አለች።

እማማ ወለተሰንበት ትንሽ አዩዋት። አልጋው ላይ ፍራሹን ዘረጉ፣ ጫፉ ላይ ተቀመጡና ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁላት።