ደብዳቤው ላይ የተጻፈው ቀን

«ካላንደራችሁ ተኝቷል» አለች ሰብሊ፣ ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ግድግዳውን እያየች። «ሃያ ሰባት ላይ ጥላችሁት ሄዳችኋል።»

ሀጀር ግማሽ ኪሎ ስኳር እየመዘነች ነበር። በአባቷ በጋሽ አብዱልገኒ ሱቅ ያለፈውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ መሰረዝ የእሷ ሥራ ነው፤ በሥራዋ ሲመጡባት ደግሞ አትወድም።

«ትናንት ሃያ ስድስት፣ ተሰርዟል። ዛሬ ሃያ ሰባት፣ አልተሰረዘም። ቀኑ ሳያልቅ ልሰርዘው እንዴ?»

«ነገ ገና ከሆነ ዛሬ ሃያ ስምንት ነው፣ ፋራ።»

«ፋራስ አንቺ። ዘንድሮ ገናችሁ በሃያ ስምንት ነው የሚውለው። ጳጉሜ ስድስት ቀን ሆና ካለፈች፣ ገና በአንድ ቀን ወደ ኋላ ይሳባል። እኔ ልንገርሽ እንዴ የናንተን በዓል?» ሀጀር ስኳሩን በወረቀት ጠቀለለች። «የዛሬ አራት ዓመት አባዬ ተሸውዶ ጧፍና ሻማውን በሃያ ስምንት ከመርካቶ ጭኖ ሲመጣ፣ ሰፈሩ ዶሮውን በልቶ ጋደም ብሏል። እስከ ፋሲካ ሻማ ላይ ተቀምጠን ነበር። ከዚያ ወዲህ ካላንደር ሳያይ ውሃም አይጠጣም።»

ሰብሊ አልሳቀችም። በሌላ ቀን ቢሆን ይኼን ወሬ ለአንድ ወር ትስቅበት ነበር። አሁን ግን ጣቷን አንስታ ካላንደሩ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ ቆጠረች፤ በመቁጠር የሚቀየሩ ይመስል። ሃያ ስድስት። ሃያ ሰባት። ሃያ ስምንት፣ በቀይ ቀለም፣ «ልደት»።

«ምነው፣ ፊትሽ አመድ መሰለ» አለች ሀጀር።

«ደብዳቤው ላይ ሃያ ስምንት ብዬ ነው የጻፍኩት።»

«የቱ ደብዳቤ?» ካለች በኋላ ሀጀር ገባት። የመኩሪያና የአፀደን እርቅ የማያውቅ በሰፈሩ ቢኖር፣ አውሮፕላን ማረፊያው አጥር ላይ የሚቀመጡት ቁራዎች ብቻ ናቸው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሰብሊ አባት መኩሪያ የአሰብ መንገድ የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከቤት ከወጣ ዓመት ሞላው። ከሦስት ሳምንት በፊት የሰፈሩ ሽማግሌ ጋሼ ዘርአጽዮን እናቷን አፀደን በስንት ልመና እሺ አሰኟት። አፀደ እሺ ስትል ግን አጥር አበጅታለት ነው። «በገና ዋዜማ መጥቶ በእናንተ ፊት ይቅርታ ከጠየቀ፣ አብረን ጾም እንፈታለን። በዋዜማው ካልመጣ ግን ዳግመኛ በዚህ ነገር በሬን እንዳታንኳኩ።»

ጋሼ ዘርአጽዮን ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው መጻፍ አይችሉም። አፀደ «ለእሱ ብዬ ብዕር አላነሳም» አለች። ስለዚህ ሰብሊ ጻፈች። ሽማግሌው ያሏት «በገና ዋዜማ፣ ከቀኑ በአሥር ሰዓት ከቤትህ እንድትገኝ» ነበር። ሰብሊ ግን «በገና ዋዜማ» የሚለው የተረት ወግ መስሎ ታያት። ቀን ያለው ደብዳቤ ክብደት አለው፣ የመሥሪያ ቤት ይመስላል ብላ፣ የጠየቃት ሳይኖር በዋዜማው ፈንታ «ታኅሣሥ 28 ቀን 1988 ዓ.ም.» ብላ አሳምራ ጻፈችው። ጋሼም ሳያነቡ ፈረሙ። ደብዳቤው ኦሎምፒያ አጠገብ በሚኖር ሌላ ሾፌር እጅ ሄደ፤ መልሱም በዚያው ሾፌር አፍ መጣ፦ «በተባለው ቀን እደርሳለሁ።»

በተባለው ቀን። ነገ ማለት ነው። ነገ በአሥር ሰዓት፣ ዋዜማው ካለፈ በኋላ።

«ታዲያ ሩጪና ንገሪያቸዋ» አለች ሀጀር። «ገና እኮ አሥር ሰዓት ነው። ምን ይገትርሻል?»

«እነግራቸዋለሁ» አለች ሰብሊ። ስኳሩን አንስታ ወጣች።

ከሱቁ እስከ ቤታቸው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሰብሊ ግን መንገዱን አስረዘመችው። ሳትፈልገው ያለፈው ዓመት ገና ትዝ አላት። አባቷ ከመንገድ ውሎ፣ ርቦት፣ ዘግይቶ ገባ። ፈረሰኛው፣ ማለትም የአባወራው የዶሮ ብልት፣ ከደብረ ብርሃን ለመጣው ለአጎቷ ቀርቦ አገኘው። መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ «እኔ በዚህ ቤት የሞትኩት መቼ ነው?» አለ። ከዚያ ሳህኑ ግድግዳው ላይ ነበር። ወጡ በኖራው ላይ ቀስ እያለ ወረደ። አባቷ መኪናውን አስነስቶ ሄደ፤ እናቷም በሩን ዘጋች።

ሳህኑ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። አባቷ ከመንገድ በመጣ ቁጥር ቤቱ ራሱ ጫማ አውልቆ በጣቱ የሚሄድ ይመስል ነበር። እናቷ ድምጿን ትቀንሳለች። ሰብሊ ሬዲዮኑን ታጠፋለች። ዘንድሮ ግን እናቷ ዕቃ ስታጥብ ታንጎራጉራለች፤ ድምጿ እንደማያምር እንኳ ያወቁት ዘንድሮ ነው።

ደግሞም አባቷ ነው። የመንገዱን ጫፍ ሲታጠፍ ሁለቴ ጥሩምባ የሚነፋ፣ ከጎኑ አስቀምጧት «ማርሹን እጅሽን ዘርግተሽ ያዢው፣ አይነክስሽም» የሚላት፣ ሲስቅ ጎረቤት አብሮት የሚስቅ። አንድ ቀን ክላስ ውስጥ ከውጭ ከባድ መኪና ሲያልፍ ሰምታ፣ እንባዋ ደብተሯ ላይ ጠብ ብሏል። ለሀጀር እንኳ አልነገረቻትም።

ባልናገርስ? አለች በልቧ። ማን ያውቃል? ስትገባ ሦስቱ ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተደርድረው ነበር።

ጋሼ ዘርአጽዮን መሀል ናቸው፤ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ጆሮአቸውን ወደ ውጭ ጥለዋል። እናቷ አዲስ ሹሩባ ተሠርታለች። ጠዋት ሰብሊ «ለማን ነው?» ስትላት «ለገና ነው፣ ለማን ይሆናል?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን ሻይ ትቀዳለች፤ ብርጭቆው ከማንኪያው ጋር ይንጫጫል።

«ስኳሩን ከየት ነው ያመጣሽው፣ ከወንጂ?» አለቻት።

«ሱቁ ሰው ነበረው» አለች ሰብሊ። ይኼ የመጀመሪያው ውሸት ነው፤ ሱቁ ውስጥ ከሀጀር ሌላ ዝንብ አልነበረም።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ፤ እስኪያልፍ ሁሉም እንደለመዱት አፋቸውን ዘግተው ጠበቁ። ድምፁ ሲርቅ ሌላ ድምፅ የሚሰሙ መስሏቸው ዝምታውን አላነሱትም። ምንም አልነበረም።

«መንገድ ነው» አሉ ጋሼ። «ጎማ ይፈነዳል፣ ኬላ ያቆማል።»

«አዎ፣ መንገድ ነው» አለች እናቷ። አሥራ ሁለት ሰዓት ሆነ። ሹሩባዋን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጨዋታ የማያልቅባቸው ጋሽ ስብሓት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንዲያው ዘርአጽዮን፣ ቀኑን በደንብ ነግረኸዋል? የእኔን ልጅ ሰርግ በሳምንት ቀድመህ፣ ሙሉ ልብስህን ግጥም አድርገህ መጥተህ ነበር እኮ።»

ሦስተኛው ሽማግሌ ሳቁ። ጋሼ ዘርአጽዮንም ሊስቁ ሞከሩ፤ ፊታቸው ግን እምቢ አላቸው። እጃቸው ኮፍያቸውን ማዞር ጀመረ።

«ሰብሊ፣ ልጄ» አሉ፣ እሷ ያለችበትን በድምፅ እየፈለጉ። «ዋዜማ ብዬሽ አልነበር? ወይስ ሌላ ብያለሁ?»

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። እናቷም ጭምር። ሰብሊ ትሪ ይዛ በሩ ጋ ቆማለች።

«ዋዜማ ነው ያሉኝ ጋሼ» አለች።

እውነት ነው። አንድም ቃል አልዋሸችም። ያልተጠየቀችውን ብቻ ነው ያልተናገረችው።

«እንግዲያ አእምሮዬ ደህና ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው። «ሰውየው ነው የናቀን።»

ጨለም ሲል ተነሡ። ጋሼ ዘርአጽዮን በራፉ ላይ ቆም ብለው የእናቷን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «አፀደ፣ አዋረድኩሽ። በሰው ፊት ሹመኛ ይመስል ቆሜ፣ ይመጣል ብዬ ቃል ገባሁ። ከእንግዲህ ለሽምግልና እንዳትጠሩኝ።»

«እርስዎ ምን ያድርጉ» አለች እናቷ። «ቃሌን ግን ያስታውሱልኝ፤ በሩ ተዘግቷል።»

ሄዱ። ጋሽ ስብሓት ጋሼን በክንዳቸው ይዘው በድንጋዩ መንገድ ሲመሩአቸው ሰብሊ በመስኮት አየች። እንደዚያ ጎብጠው አይታቸው አታውቅም።

ወጥ ቤት ውስጥ የነገው ወጥ በዝግታ ይንተከተካል። እናቷ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ማማሰያውን ይዛለች፤ አታማስልም። ሰብሊ የምትቆጣ መስሏት ነበር። እናቷ ግን ለራሷ የምታወራ ይመስል ጀመረች።

«ታውቂያለሽ፣ ሌሊቱን ሙሉ ‹ምነው ባይመጣ› ስል ነው ያደርኩት። እግዜር ሰማኝ ማለት ነው። ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ የከፋኝ?»

ሰብሊ ግድግዳውን ተደገፈች።

«እማዬ፣ እግዜር አይደለም። እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ጋሼ ዋዜማ አሉኝ፤ እኔ ግን ሃያ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። ገና ሁልጊዜ በሃያ ዘጠኝ መስሎኝ። ነገ ነው የሚመጣው፣ ዋዜማው ካለፈ በኋላ።»

እናቷ ቀና አለች። «አሁን ነው ያወቅሽው?»

እዚህ ላይ «አዎ» ማለት ይቻል ነበር። ቃሉ አፏ ውስጥ ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

«በአሥር ሰዓት። ሱቅ ሄጄ።»

ማማሰያው ድስቱ ጠርዝ ላይ ኮሽ አለ። «በአሥር ሰዓት አውቀሽ፣ ያን የሚያህል ሽማግሌ ፊት ትሪ ይዘሽ ቆምሽ? ‹አእምሮዬ ደህና ነው› ሲሉ እየሰማሽ?»

«እንዳይመጣ ፈልጌ ነበር» አለች ሰብሊ። እንባዋ መጣ፤ በእጅጌዋ ገፋችው። «ደግሞ እንዲመጣም ፈልጌ ነበር። የቱ እንደሚበልጥ ሳስብ መሸ።»

እናቷ ወደ ድስቱ ዞረች። ወጡን አንዴ አማሰለችው፤ ከዚያ አንዴ ደግማ። አውሮፕላን መጣ፣ አለፈ።

«አንቺ ልትመርጪልኝ አይገባም ነበር» አለች በመጨረሻ። ድምጿ ግን ቁጣው አልቆበት ነበር። «መምረጡ ለእኔም ከብዶኛል፤ ቢሆንም የእኔ ነው። ነገ ጾሙን እኔና አንቺ እንፈታለን። ማንንም አንጠብቅም። አሥር ሰዓት ላይ ከመጣና ሽማግሌዎቹ ካሉ፣ በሩን እከፍታለሁ፤ የሚለውን እሰማለሁ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ዛሬ አልወስንም።»

«እሺ።»

እናቷ ተነሥታ ነጠላዋን አስተካከለች። «ጋሼ ዘርአጽዮን ጋ ደርሼ ልምጣ። ልጅ ናት፣ ቀኑ ተምታታባት እላቸዋለሁ። ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ማወቅሽን እሳቸው ባይሰሙም ምንም አይደለም። እኔና አንቺ ጋ ይቅር።»

ሰብሊ የእናቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። «አንቺ ወጡን እዪ። እኔ ልሂድ።»

የጋሼ ዘርአጽዮንን በር የከፈቱላት ባለቤታቸው ወይዘሮ ኣብርሀት ናቸው።

«ምነው ልጄ፣ አባትሽ መጣ እንዴ?»

«አልመጣም እማማ። ጋሼን ፈልጌ ነው።»

ሽማግሌው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ጫማቸውን እንኳ አላወለቁም። የማን እርምጃ እንደሆነ ለማወቅ ራሳቸውን ዘንበል አደረጉ። «ሰብሊ ነሽ?» አሉ፤ ከጎናቸው ያለውን ቦታ በእጃቸው መታ መታ እያደረጉ። «ነይ ተቀመጪ። አንቺም ቀኑን ሙሉ ስትጠብቂ ዋልሽ፣ አይዞሽ።»

ሰብሊ ሄዳ ተቀመጠች። መንገድ ላይ ስትመጣ ያዘጋጀችው ንግግር በደብዳቤው የሚጀምር፣ በቀኑ መምታታት የሚያበቃ፣ አጠር ያለ ነበር። የሽማግሌው እጅ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ ንግግሩን ተወችው፤ ከአሥር ሰዓቱ ልትጀምርላቸው ወሰነች።