ንጋት ላይ የሚጠፉት ስሞች

የአቶ ገቢሳ ስም የለም።

የሆስፒታሉ መዝጋቢ ፋኢዛ ሦስት ጊዜ ፈለገች። የውሃ ሽታ ሆነባት። የኩላሊት እጥበት ወረፋ ላይ አንደኛ የነበሩ ሰውዬ ከነቁጥራቸው ጠፍተዋል። ማሽን ሲለቀቅ ይደወልልዎታል ተብለው አስራ አንድ ቀን ስልክ ሲጠብቁ ከርመው፣ በመጨረሻ በልጃቸው ተደግፈው መጡ። እዚያው መስኮቱ ስር ወደቁ። ድንገተኛ ክፍል አስገቧቸው። ፋኢዛ ዝርዝሩን ስታገላብጥ ሌሎች አስር ሰዎችም የሉም።

ሲስተሙ የሰረዛቸውን ሰው ስም መዝግቧል። በየቀኑ አንድ ሰው፣ ንጋት አስራ አንድ ሰዓት ላይ። የሰረዘችው አያንቱ።

አያንቱ ሲስተሙን በሠራው ድርጅት ውስጥ የሶፍትዌር ፈታሽ ናት። ቢሮዋ ካዛንቺስ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በዚያ ሰዓት ጎተራ፣ ኮንዶሚኒየሟ ውስጥ ተኝታ ነበር። ነበረች? እሷም እርግጠኛ አይደለችም፤ ጉዱ ይሄ ነው።

"ልጅ ሆኜ በእንቅልፌ እሄድ ነበር" አለችው ጉዳዩን ለያዘው ፖሊስ፣ ለኢንስፔክተር ገብረጻድቃን። "ሰሞኑን ደግሞ በህልሜ ስሞች አያለሁ። እጄን ሳሳርፍባቸው ቀስ ብለው ይጠፋሉ። እኔ ብሆንስ?"

"በህልም የከሰስኩት ሰው የለም። ተመስገን በይ።"

ኢንስፔክተሩ ጡረታ ሊወጣ ሦስት ወር ቀርቶታል። ከኮምፒውተር የሚያውቀው ማብሪያውን ነው። ዛሬ ጠዋት ወረፋ ትሸጣለች ብሎ ፋኢዛን ሲያፋጥጣት አረፈደ፤ በኋላ ሲጣራ የመሰረዝ ፈቃድ እንኳ የላትም። አፈረ፣ ይቅርታም ጠየቃት። አሁን እዚህ አያንቱ ቢሮ ነው። ውጭ የነሐሴ ዝናብ ያለማቋረጥ ይወርዳል፤ መስኮቱ በጉም ተሸፍኖ ካዛንቺስ ገና ያልነቃች ትመስላለች።

"በይ፣ እንደማያውቅ ሰው አስረጂኝ። ንጋት ላይ ምንድነው የሚሠራው?"

"ስክሪፕት ነው ጋሼ። ማለቴ፣ እኔ የጻፍኩት የፍተሻ ፕሮግራም። ሰው ሥራ ሳይገባ ሲስተሙ መሥራቱን ያያል። 'ሙከራ' የሚባል የውሸት በሽተኛ ያስመዘግባል። ሲስተሙ ለበሽተኛው ቁጥር ይሰጣል። ስክሪፕቱ ቁጥሩን ያስቀምጠዋል። ኋላ ያንኑ ቁጥር አንብቦ በሽተኛውን ይፈልገዋል፣ ከዚያ ይሰርዘዋል። በቃ።"

"በማን ስም?"

"በእኔ። የይለፍ ቃሌ ስክሪፕቱ ውስጥ ነው ያለው።"

"ቢሮ ያለ ሰው ሁሉ ያየዋል?"

ፊቷ ቀላ። "ያየዋል።"

ኢንስፔክተሩ የወረፋውን ዝርዝር በወረቀት አሳተመ። መነጽሩን አደረገና ከመጨረሻው ገጽ ጀመረ።

"ከኋላ ነው እንዴ የሚያነቡት?"

"ወረፋ ላይ ሁሌም ኋላ ነኝ፤ ለምጄው ነው።" ጣቱ ቆመ። "ይሄ ሙከራ የምትይው በየቀኑ ይሰረዛል አላልሽኝም? አስራ አንድ ሙከራ ተሰልፎ ቆሟል እኮ!"

አያንቱ ያኔ ነው የባነነችው። አስራ አንድ ቀን፣ አስራ አንድ ሙከራ፣ አስራ አንድ የጠፋ ሰው። ስክሪፕቱን ከፈተች። ቁጥሩ ከሚቀመጥበትና ከሚሰረዝበት መሃል እሷ ያልጻፈችው አንድ መስመር አለ። የተቀመጠውን ቁጥር ጥሎ የሌላ ሰው ቁጥር ይተካል። የውሸቱ በሽተኛ ይቀራል፣ የእውነቱ ይሰረዛል።

"መስመሩንም አንቺው ነሽ የጻፍሽው ቢሉሽስ?" አለ ኢንስፔክተሩ። "እዚያም ላይ ያለው ያንቺ ስም ነው። እስከ ከሰዓት ሌላ ሰው ካላገኘሁ ይዤሽ ነው የምሄደው ልጄ።"

"እኔ አይደለሁም!"

"እንግዲያው ንገሪኝ። አስራ አንዱም ከወረፋው ራስ ነው የጠፉት። ከእነሱ ቀጥሎ ያለው ማነው?"

አነበበች። አልጋነሽ ተሰማ።

ስማቸውን ወረቀት ላይ ብቻ ያየ የማን እናት እንደሆኑ አያውቅም፤ የአባታቸው ስም ከልጃቸው የአባት ስም ጋር አይገናኝም። አያንቱ ግን ታውቃቸዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰንጋ ተራ ቤታቸው "ደሞ ከስተሻል" እያሉ ምሳ የሚያበሏት እማማ አልጋነሽ ናቸው። ታመዋል፤ ልጃቸው ግን ደም ግፊት ነው ነበር ያላት። ስለ ኩላሊት አንድም ቀን አልተነፈሰም።

በሩ ተከፈተ። የገባው ያው ልጃቸው ነው፤ ቢሮ ውስጥ አጠገቧ የሚቀመጠው ዳግም፣ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ይዞ።

"አዩ፣ ሻይ።"

ቀና አላለችም። "ዳግም፣ እማማ ስንተኛ ናቸው?"

"ከዛሬ ጀምሮ አንደኛ" አለ።

ከአፉ ካመለጠ በኋላ ነው የገባው። ብርጭቆዎቹን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጣቸው።

"በእኔ ስም?" አለች አያንቱ።

"የፍተሻ ስህተት ነው ይላሉ፣ አንቺን አይነኩሽም ብዬ ነው አዩ ሙች! ሐኪሙ ሁለት ወር አትቆይም አለኝ። ወረፋው አምስት ወር ነው። ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ልያት?"

"አቶ ገቢሳንም ልጃቸው ቁጭ ብላ እያየቻቸው ነው" አለ ኢንስፔክተሩ፣ ሳይቆጣ።

ዳግም ኢንስፔክተሩን ተከትሎ ወጣ። አያንቱ ትወደው ነበር። ነግራው አታውቅም፤ አሁን ለኮምፒውተሩ አለቀሰችለት።

ከዚያ ሥራዋን ጀመረች። ሙከራዎቹን ሰረዘች። አስራ አንዱን ሰዎች አንድ በአንድ ወደየቦታቸው መለሰች፣ አቶ ገቢሳን ከሁሉም አስቀድማ። ፋኢዛ ደወለች፤ ማሽን ተለቋል፣ ነገ ጠዋት አቶ ገቢሳ ይገባሉ። ደስ ሊላት ይገባ ነበር።

ስልኩን ሳታስቀምጠው ደግሞ ጠራ።

"አያንቱዬ፣ ዳግም ስልኩን አያነሳም። ወረፋዬ ስንት ደረሰ? እስቲ እይልኝ።"

አየችላቸው። "አስራ ሁለተኛ ነዎት እማማ።"

"ጠዋት 'አንደኛ ነሽ' ብሎኝ ወጣ እኮ።"

አያንቱ ዝርዝሩን ከላይ ጀምራ እንደገና ቆጠረች። ያው አስራ ሁለተኛ ናቸው።

"እንግዲህ ከእኔ የባሰባቸው ይኖራሉ። ይሁን። ልጄን ግን እንዳትቆጪው፣ እኔን ደስ ይበላት ብሎ ነው። አደራሽን፣ ምሳ ሳይበላ እንዳይውል።"

"እሺ እማማ" አለች።