አመድ ያልሆነው ክኒን

ዘበኛው እንዳለው ሞቶ የተገኘው ኮኪት ከተማ ውስጥ በሚጠብቀው የማሽላ መጋዘን፣ ጆንያ ሥር በዘረጋው አልጋ ላይ ነው። ኢንስፔክተር ሸዋዓለም ከገንዳ ውሃ ከተማ ሲደርስ ፖሊሶቹ ጥፋተኛ አግኝተው ጨርሰዋል፤ ራት ያበላችውን ውባንችን በካቴና አስረው በገበያው መሃል ነድተዋታል። ሰውም የምትሸጠውን ወጥ ከነድስቱ ሜዳ ላይ ደፍቶባታል።

ሸዋዓለም የተደፋው ወጥ አጠገብ ቆሞ ቆየ። የጎረቤት ዶሮዎች ከትናንት ጀምሮ ሲለቅሙት ቆይተዋል፤ አንዷም አልሞተች። ይህን ሁሉም አይቷል፣ የተናገረ ግን የለም። በባልደረቦቹ አፈረ፤ የለበሰው የደንብ ልብስ የእነሱው መሆኑን ሲያስብ በራሱም አፈረ።

አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም በስልክ፣ «ሆዱ ውስጥ መርዝ የለም። ሳንባው ግን ውሃ ቋጥሯል። የበላውን ተውና የተነፈሰውን ፈልግ» አለው።

መጀመሪያ የመጋዘኑን ባለቤት ልጅ ሳጂድን ጠራ።

«ከእንዳለው ጋር ተጣልተህ ነበር አሉ።»

«ተጣልቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን እኔ ገለጉ ከተማ ነበርኩ። መኪናው ጭቃ ገብቶብኝ አገሩ ሁሉ ሲገፋልኝ ሰንብቶ ዛሬ መግባቴ ነው።»

አባቱ ሐጂ አብዱረሕማን ከተማው ለሽምግልና የሚያስቀድማቸው ነጋዴ ናቸው።

«ሐጂ፣ እህሉ ውስጥ የነቀዝ ክኒን ያስቀምጣሉ?»

«ከአረፋ በፊት አስቀምጬ ነበር። እሱማ ድሮ አመድ ሆኗል።»

«ቁልፉ ማን ዘንድ ነው?»

«አንዱ እኔ ዘንድ፣ አንዱ እንዳለው ዘንድ።»

«ሁልጊዜ ውስጥ ነው የሚተኛው?»

«ኧረ ውጭ ነው! ደገኛ አይደል፣ ሙቀቱን አይችለውም። ያን ለት ዝናቡ ነው ያስገባው።» ሐጂ ይህን ብለው ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ።

ከሰዓት በኋላ ሸዋዓለም ሁሉንም መጋዘኑ ደጃፍ ሰበሰበ። ውባንችንም ካቴናዋን አስፈትቶ አስመጣት። ከዚያ ጓንት አጥልቆ፣ ከጆንያ መሃል ያወጣቸውን ሁለት የጨርቅ ቋጠሮዎች ፈታ።

«ይህ ክኒን የአየሩን እርጥበት እየጠጣ ሲፈርስ ገዳይ ጋዝ ይተፋል። ጋዙ በር ሲከፈት በኖ ይጠፋል፣ የሚቀረው አመዱ ነው። አንደኛው ቋጠሮ አመድ ብቻ ነው፤ እሱ በእርግጥ ከአረፋ በፊት የተቀመጠ ነው። ይህኛውን ግን እዩት።» በእንጨት ጫፍ ነካው። ዙሪያው ዱቄት ሆኗል፣ መሃሉ ገና ጠጣር ነው። «በዚህ እርጥበት ሳምንት አይቆይም። የተቀመጠው እንዳለው በሞተበት ዋዜማ ነው። ሳጂድ ያኔ ገለጉ ነበር። ውባንች ቁልፍ የላትም። እንዳለው ቢያውቅ ኖሮ አጠገቡ አይተኛም ነበር። የቀረው አንድ ቁልፍ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ ሐጂ ዞረ።

«ነቀዙ አልሞት አለኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እህል ገዥ ሊመጣ ነው። የሐጂ እህል ነቀዘ እንዳይባል፣ እንዳለው ራት ሊበላ ሲሄድ ጠብቄ ገባሁ። ለማንም አልተናገርኩም። ወላሂ፣ ዝናቡን አላሰብኩትም።»

«ውባንችን ሲነዷትስ?»

«አፈርኩ።»

ይሉኝታ ይሏችኋል ይህ ነው። ስለ ነቀዝ አፍረው ሰው ገደሉ፤ ስለ ሞቱ አፍረው ሰው አሳሰሩ። የተሰበሰበውም ሕዝብ ድስቱን የደፋ ነውና ቀና ብሎ የሚፈርድባቸው ጠፋ።

«ውባንች፣ አፉ በይኝ» አሏት ሐጂ።

«እኔን ይተዉኝ» አለች። «የእንዳለው እናት ከጎጃም እየመጡ ነው። ልጅዎን የገደለችው ውባንች ናት ተብለዋል። መናኸሪያ ሄደው እርስዎ ይንገሯቸው።»

ፖሊሶቹ ሐጂን ሰው እንዳያያቸው በጓሮ በኩል ሊወስዷቸው ዞሩ። ሐጂ ግን እጆቻቸውን ለካቴናው ዘረጉ።

«በገበያው በኩል» አሉ።