የቆሙት እግሮች

ዶክተር ስብሐት የሰደቡኝ ኅዳር ዘጠኝ ቀን፣ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ ነው። ሰባት በሽተኛ፣ የጽዳቷ ሴትዮና ነርሷ ሐመልማል ሰምተዋል።

ከቁስቋም ዝቅ ብሎ ባለው ክሊኒካቸው ዘበኛ ነኝ። ስትሮክ የመታቸው ሰዎች እጃቸውን የሚያለማምዱበት ቤት ነው። በየመጋረጃው ውስጥ ክንዳቸው ሮቦት ላይ ይታሰራል፣ ጡንቻቸው ላይ ኤሌክትሪክ የሚሰጥ ፕላስተር ይለጠፋል፤ ሁለቱ ተጋግዘው የሞተውን እጅ ይቀሰቅሱታል።

አቶ ዓምሃ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ሮቦቱ ቀኝ እጃቸውን ወዲያና ወዲህ ሲያመላልሰው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሳያውቁት በእግራቸው ይረግጣሉ፤ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። መወርወሪያ በእጁ፣ መርገጫ በእግሩ የለመደ ሰው እጁ ሲሄድ እግሩ አይቆምም። አባቴም እንደዚያው ነበር። ያን ማክሰኞ እግራቸውንም አብረው ቢያዩላቸው ብዬ ለዶክተሩ ተናገርኩ።

«የሸማኔ ልጅ ከስድስተኛ ክፍል ወጥቶ ሕክምና ያስተምረን ጀመር» አሉ። «በርህን ጠብቅ። ከመጋረጃው ወዲህ ያለው አይመለከትህም።»

ሰው ሳቀ። እኔም በሬን ጠበቅሁ።

ጥር አሥራ ስምንት፣ ሰኞ፣ አቶ ዓምሃ ወንበሩ ላይ ሞቱ። ሐመልማል ሦስት ሰዓት ላይ ክንዳቸውን አስራ፣ ማሽኑን ለግማሽ ሰዓት ሞልታ፣ ወደ ሌላ በሽተኛ አለፈች። ጊዜው ሲያልቅ መጋረጃውን ገለጠች። ሮቦቱ የሬሳ እጅ እያመላለሰ ነበር።

ዶክተሩ ፖሊስ ሳይመጣ ፈረዱ፤ ሐመልማል ኤሌክትሪኩን አብዝታ ገደለቻቸው አሉ። በዚያ ግቢ «ጋሽ ካሣዬ» ብላ የምትጠራኝ እሷ ብቻ ናት። ጥግ ላይ አቁመዋታል።

የመጣችው ኢንስፔክተር ሮዳስ ቀጭን፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። መጀመሪያ የሟቹን አፍ ከፍታ አየች። ቀጥላ ታናሽ ወንድማቸውን ቶማስን ጠየቀችው፤ በየቀኑ የሚያመጣቸውና መጋረጃው ውስጥ አብሯቸው የሚቀመጠው እሱ ነው። ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ «በርታ ወንድሜ» ብሎ ውኃ ሊገዛ እንደወጣ፣ ያኔ እጃቸው ይንቀሳቀስ እንደነበር ነገራት። ዶክተሩም ያን ሰዓት በቢሯቸው መስኮት አሻግረው እጁ ሲሄድ አይተዋል።

ሐመልማል የማሽኑን መዝገብ አሳየቻት። በሽተኛው ራሱ የገፋበት ጉልበትና ማሽኑ ያገዘው ለየብቻ ይመዘገባል። ከአሥረኛው ደቂቃ ጀምሮ የሰውየው ጉልበት ዜሮ ነው።

«ደክሟቸው ነው» አሉ ዶክተሩ። «በሽተኛ ሲደክመው ማሽኑ ብቻውን ይሠራል።»

ኢንስፔክተሯ ወጥታ እኔ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ከዚህ ሆኜ ምን እንደሚታየኝ ጠየቀችኝ። ከመጋረጃው ወዲያ ያለው አይመለከተኝም አልኳት።

«ከመጋረጃው በታችስ?» አለች።

ፖሊሶቹ ሐመልማልን ወደ መኪናው ሊያወጧት ነበር። ያየሁትን ለኢንስፔክተሯ ነገርኳት።

ሁላችንንም ወንበሩ ዙሪያ አቆመችን፤ የሟች ባለቤት ወይዘሮ የዓለምወርቅም ደርሰዋል።

«ቶማስ፣ ስትወጣ እግራቸውስ?»

«እ... ማለቴ፣ እንደ ልማዱ ይረግጥ ነበር።»

«ጋሽ ካሣዬ ከበሩ ሆነው በመጋረጃው ሥር እግራቸውን ያያሉ። ሦስት ሰዓት ከአሥር ላይ እግሮቹ ተንፈራገጡ፣ ከዚያ ቆሙ። መዝገቡም ዜሮ የሚለው ያኔ ነው። አንተ የወጣኸው ከአምስት ደቂቃ በኋላ ነው። እጅ ቢደክም ማሽን ያንቀሳቅሰዋል፤ እግራቸውን ያሰረ ማሽን ግን የለም።»

ቶማስ የያዘውን የወንድሙን ጋቢ ጠበቅ አደረገ። እሷም ያየችው ያንን ነው።

«ጋቢ ሮቦቱ ላይ ስለሚጠመጠም ሐመልማል ከላያቸው ገፍፋ ለአንተ ሰጠችህ። የጋቢው ጥጥ ታዲያ ጥርሳቸው መሐል ምን ያደርጋል? ያፈንካቸው በእሱ ነው።»

የቀረውን ወይዘሮ የዓለምወርቅ ተናገሩ። ባላቸው ራሳቸውን ስተው በተኙበት ሰሞን ቶማስ ቀኝ አውራ ጣታቸውን ቀለም ነክሮ የቤት ስጦታ ወረቀት ላይ አስፈርሟል። አቶ ዓምሃ ሲነቁ «ይቺ እጅ ትዳን እንጂ ራሷ ታፈርሰዋለች» ብለው ምለው ነበር። ረቡዕ ስጦታውን ለማፍረስ ወረዳ ሊሄዱ ነበር።

«የሞተ እጅ ማንቀሳቀስ ያኔ ነው የለመድከው» አለችው ኢንስፔክተሯ።

ቶማስ ጋቢውን መሬት ላይ ጣለው። ይዘውት ወጡ።

ሐመልማል እጄን ይዛ አለቀሰች። ዶክተር ስብሐት ቀስ ብለው ቀረቡኝ።

«ጋሽ ካሣዬ» አሉ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። «እኔ ሐኪሙ አሥር እርምጃ ላይ ነበርኩ። እግሮቹ ሲቆሙ ያኔውኑ ቢጠሩኝ ምናልባት ይተርፉ ነበር። ለምን ዝም አሉ?»

ሐመልማል እጄን ለቀቀችና ቀና ብላ አየችኝ።

መልሱን ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ አውቀዋለሁ። አፌን ልከፍት ስል ከወንበሩ ሥር የአቶ ዓምሃን ጫማዎች አየሁ፤ ጎን ለጎን፣ ጫፋቸው እኔ ወደምጠብቀው በር። የግቢውን ቁልፍ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ወጣሁ።