አባሪ አንድ

ሐረገወይን ግትር ናት። ጎንደር ውስጥ ቤተ ሙከራዎች ናሙና ሲለዋወጡ ውሉን የምታረቅቀው እሷ ናት፤ ለአንዲት ቃል ሳምንት ትከራከራለች። ሰውአገኝም የወደዳት በዚሁ ግትርነቷ ነው።

እሱ የቤተ ሙከራ ሰው ነው። ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርደው ካላዛር የሚባለው በሽታ ይዟቸው ከተመለሱ ሰዎች ሁለት ዓመት ሙሉ የመቅኔ ናሙና ሰብስቧል። አርባ አንድ ብልቃጥ ሞልቶ በረዶ ቤት ውስጥ አኑሯል። መድኃኒቱ ለአንዳንዱ ለምን እንደማይሠራ እንዲመረመር ውጭ አገር ሊላክ ነው።

«ይኼ ናሙና ይሂድልኝ እንጂ፣ በማግስቱ ሽማግሌ እልካለሁ» ብሏት ነበር፤ ቀሐ ወንዝ ዳር ቆመው፣ ዓይኗን ማየት አፍሮ።

ውጭ አገር ያሉት ተቀባዮች የላኩት የውል ረቂቅ ሲመጣ ግን የሰውአገኝ ስም የትም የለም። ተይው፣ ብቻ ይሂድ አላት። እሺ አለችው እንጂ አልተወችም። ያን ያህል ለፍቶ ስሙ ሲቀር ማየት አንጀቷ አልቻለም። ስሙ ካልገባ ውሉን ለፊርማ አላቀርብም ብላ ሦስት ሳምንት ተጻጻፈች። እሱ ሲጠይቃት፣ እነሱ ናቸው ያዘገዩት ትለዋለች።

በሦስተኛው ሳምንት መብራት ሁለት ቀን ጠፋ። ጄነሬተሩም አልነሣ አለ። ሰውአገኝ በረዶ ፍለጋ ከተማውን ቢያስስ የሚበቃ አላገኘም። አርባ አንዱም ቀልጦ ተበላሸ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ተቀባዮቹ በማግስቱ ተስማምተናል ብለው ጻፉ። ሐረገወይን ውሉን ራሷ ይዛለት ሄደች፤ የዋሸችውንም ነገረችው።

«ምነው ደበቅሽኝ?» አላት አንብቦ ሲጨርስ።

«ትከለክለኝ ነበር።»

«አዎ፣ እከለክልሽ ነበር።»

ከዚያ የናሙናው ዝርዝር ያለበትን አባሪ አንድን ገለጠ። ሰዎቹ የተጻፉት በቁጥር ነው፤ እሱ ግን በስም ያውቃቸዋል። እስክሪብቶ አንሥቶ አንድ በአንድ ይሰርዝ ጀመር። አሥራ ሰባት ላይ እጁ ቆመ።

«አያ ላቀው ናቸው፣ የድብ ባሕር ሰው። ‹እኔን ባያድን የሚመጣውን ያድን› ብለው ነው የሰጡኝ። በፍልሰታ ቀበርናቸው። አሁን ከማን ልውሰድ?»

«ተቆጣኝ» አለችው እያለቀሰች።

«ለእኔ ብለሽ ባይሆን እቆጣሽ ነበር።»

የቀሩትንም ሰርዞ ውሉን መለሰላት። ለአያ ላቀው ቤተሰቦች ሊነግር ወደ ድብ ባሕር ሄደ፤ እዚያው ጤና ጣቢያ ሥራ ይዞ ቀረ። ሽማግሌም አልመጣም።

ሐረገወይን እስከ ዛሬ ትወደዋለች። ውሉ መሳቢያዋ ውስጥ አለ። አንቀጽ አምስት ላይ ስሙ ከነአባቱ፣ ከነአያቱ ተጽፏል። ከጀርባው ያለው ዝርዝር አርባ አንድ ጊዜ ተሰርዟል።