አንዲት «ዋ»

ወይዘሮ ፀዳለ ተደፍተው የተገኙት ጉልበት በማይደርስ ውሃ ውስጥ ነበር። ከኩልፎ ወንዝ ተጠልፎ የሙዝ ማሳቸውን የሚያጠጣው ቦይ እንኳን ሰው ዶሮም አያሰጥም። ግንባራቸው ተፈንክቷል፤ የቦዩ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ደም አለ። ከውሃው ወዲህ፣ ደረቁ ሣር ላይ፣ አንድ አሮጌ የፖላንድ መጽሐፍ የጀርባ ሽፋኑ ተላቆ ወድቋል። የመጨረሻው ቅጠል ተገንጥሎ ተወስዷል።

ዘመኑ 2001 ዓ.ም.፣ ወሩ ሚያዝያ፣ ከተማው አርባ ምንጭ ነው። ኢንስፔክተር ሻሺቱ ከሳጅን ካሳ ጋር ማሳው ስትደርስ የተሰበሰበው ሰው ሁሉ ለሳጅኑ እጅ ነሣ። ሳጅኑ ረጅም ነው፣ ጢም አለው፣ ድምፁ ጎርናና ነው፤ ለሚያየው ሰው አለቃው እሱ ነው። ሻሺቱ አጭርና ወፈር ያለች ሴት ስለሆነች ይህን ለምዳዋለች። እንዲያውም ይጠቅማታል፤ ሰው እሱን እያየ ሲያወራ እሷ ሰውን ታያለች።

ከተማው ወይዘሮ ፀዳለን የአቶ ሽበሺ ሚስት እያለ ነው የኖረው። ሌላውን ለማወቅ የደከመ አልነበረም። በወጣትነታቸው ፖላንድ ተልከው ስለ ክርና ጨርቅ ሥራ ተምረዋል፤ ሲመለሱ ሻንጣቸው ውስጥ አንድ ልቦለድ ነበር። ደራሲው አ. ቭሮና ይባላል፤ በገዛ አገሩም የሚያስታውሰው የለም። ወይዘሮ ፀዳለ ያንን መጽሐፍ ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ማታ ማታ፣ ወደ አማርኛ ሲመልሱ ኖሩ። በስተመጨረሻ ታተመ። ሊመረቅ የቀረው ጥቂት ቀን ነበር።

ሻሺቱ ከማሳው ወጥታ ከሳጅኑ ጋር ሴቻ ሰፈር፣ ሟች ቤት ሄደች። አቶ ሽበሺ ጋቢያቸውን ተከናንበው ሶፋ ላይ ተቀምጠዋል። የጎጃም ሰው ናቸው፤ በመንግሥት ሥራ መጥተው እዚሁ ጡረታ የወጡ።

«ባለቤትዎ ትናንት ምን ሲሠሩ ነበር?» አለች።

መልሱን ለሳጅን ካሳ ሰጡ። «ምን ትሠራለች፣ ያንኑ የፖላንዱን ነገር ነዋ።»

«እርስዎ አንብበውታል?»

ይሄኔ ወደ እሷ ዞሩ። «ሲታተም አነበዋለሁ እያልኩ...»

«ታትሟል እኮ። ያ ጥግ ያለው ካርቶን ውስጥ ያለው እሱ አይደል?»

አቶ ሽበሺ ካርቶኑን አዩት። ገመዱ እንኳ አልተፈታም። የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ። አፍረዋል፤ ደግሞም ማፈር ነበረባቸው።

ልጃቸው ማዕዶት እናቷ ማታ ሳይመለሱ ሲቀሩ ተደውሎላት ከሐዋሳ ጎህ ሲቀድ ነው የደረሰችው። «ትናንት ደውላልኝ ነበር» አለች፣ ዓይኗ አብጦ። «እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች አለየልኝም። 'ማዕዶትዬ፣ አንዲት ፊደል ሃያ ዓመት ሸወደችኝ፤ አፍሬያለሁ። ሳይመሽ አስተካክላለሁ' አለችኝ።»

«የምን ፊደል?»

«የትየባ ስህተት ነዋ! ሌላ ምን ይሆናል?» ብላ በሩ አጠገብ የቆመውን ወጣት በዓይኗ ወጋችው።

ወጣቱ ጢሞቴዎስ ይባላል። የኦቾሎ ልጅ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ቢሮ ውስጥ ጸሐፊ ሆኖ እየሠራ የወይዘሮ ፀዳለን ትርጉም ሙሉውን የተየበው እሱ ነው።

«ትናንት ከሰዓት ማሳው ሄጄ ነበረ» አለ ለሻሺቱ። «እትዬ ሙዝ ሰጡኝ። ሚስቴ አራስ ነው፤ ለሱ ነው የሰጡኝ። ደህና ነበሩ። 'ሰው ቀጥሬያለሁ፣ አንተ ሂድ' አሉኝ። ወንድሜም ከኦቾሎ መጥታ ነበረች፤ ቸኩዬ ሄድኩ።»

«ማንን ነው የቀጠሩት?»

«አልነገሩኝም።»

«ስለ መጽሐፉስ ምን አወራችሁ?»

«ደራሲዋ ሰው ታስለቅሳለች አልኳቸው። እሳቸው ሳቁ፣ በጣም ሳቁ።»

«ደራሲው በል!» የሚል ድምፅ ከወዲያ ጥግ መጣ። «ይህን ሁሉ ገጽ ተይበህ ዛሬም ወንድና ሴት አትለይም?»

ጢሞቴዎስ አንገቱን ደፋ። «ይቅርታ መምህር። እኔ አማርኛ የለመድኩት ትምህርት ቤት ነው።»

የሻሺቱ ፊት ጋለ። እሷም የገረሴ ልጅ ናት። አንደኛ ክፍል እያለች «አባቴ መጣች» ብላ ክፍሉ በሙሉ የሳቀባት ዕለት ዛሬም አይረሳትም። ወደ ተናጋሪው ዞረች።

ተናጋሪው መምህር ማቴዎስ ናቸው፤ ኮሌጅ ውስጥ አማርኛ ያስተምራሉ፣ የመጽሐፉም አርታኢ ናቸው። «የወንድ ብዕር» የሚለውን ረጅም መግቢያም የጻፉት እሳቸው ናቸው። እንዲህ ያለ የጠነከረ ጽሑፍ ከሴት እጅ ሊወጣ እንደማይችል ከቭሮና ሥራ እየጠቀሱ ያስረዱበታል። ዓመቱን ሙሉ ተማሪዎቻቸውን ያስተማሩትም ይህንኑ ነው።

«ትናንት የት ነበሩ መምህር?»

«ቤቴ፣ የምረቃውን ንግግር ስጽፍ። ለማሳው ብለው ከሆነ፣ ኩልፎ ከወረድኩ ወራት አልፎኛል። ጭቃውን አልችለውም።»

«እንግዲህ ምረቃው ሊቀር ነው?»

«ለምን ይቀራል? ተርጓሚዋም ደራሲዋም ዛሬ የሉም፤ የሚቀረን ሥራቸውን ማክበር ነው።»

ሻሺቱ ጎንበስ ብላ የጫማዋን ክር አሰረች። ክሩ አልተፈታም ነበር።

ሳጅን ካሳ ጊዜ አላጠፋም። ጢሞቴዎስ ሟችን በሕይወት ያየ የመጨረሻ ሰው ነው፤ በትየባ ስህተት ተጣልተዋል፤ ሸሚዙም ቡናማ ነጠብጣብ በነጠብጣብ ነው። ሳጅኑ ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ከመጣ ገና ወሩ ስለሆነ ነጠብጣቡ ደም መሰለው። ልጁን አስሮ ጣቢያ ወሰደው። ወሬው ከተማው ውስጥ ለመዳረስ አልዘገየም፤ ቤተ ክርስቲያኑም ጉዳዩ እስኪጣራ ብሎ ከሥራው አገደው። አራሷ ሚስቱ ሕፃኑን አቅፋ ጣቢያው በር ላይ ፀሐይ ሲመታት ዋለች።

«ነገ ፍርድ ቤት አቀርበዋለሁ» አለ ሳጅኑ።

«ከነገ ወዲያ አድርገው» አለች ሻሺቱ። ዓይኗ መጽሐፉ ላይ ነበር።

የተላቀቀውን ሽፋን ገልብጣ ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። የጠፋው ቅጠል ድሮ ከሽፋኑ ጋር በሙጫ ተለጥፎ የኖረ ነው፤ የሙጫው ምልክት ዙሪያውን አለ። የአርባ ምንጭ ሙቀት ሰሞኑን ሙጫውን ሲያላቅቀው የጽሑፉ ቀለም ሽፋኑ ላይ ተገልብጦ ቀርቷል። ሻሺቱ ከቦርሳዋ መስተዋት አወጣችና አየችው። አንድ ቃል ብቻ ይነበባል፤ የሚቀጥለውን ሙጫው በልቶታል።

በከተማው ውስጥ ፖላንድ የተማረ ሌላ አንድ ሰው አለ፤ ኢንጂነር ይፍሩ፣ የውሃ ሥራ ባለሙያ። ሽፋኑንና መስተዋቱን ይዛ ሄደች።

«ስኮንቺዋም» ብለው አነበቡላት መነጽራቸውን አስተካክለው። «'ጨረስኩ' ማለት ነው።»

«ማን ነው የጨረሰው?»

«ሴት ናታ! ወንድ ቢሆን 'ስኮንቺዌም' ይል ነበር። እኛ 'ጨረስኩ' ስንል ወንድም ሴትም አንድ ነን። እነሱ ጋ ግን በዚያች በአንዷ ፊደል ይለያል።» ድንገት መስተዋቱን አስቀመጡት። «ቆይ፣ ይሄ የቭሮና መጽሐፍ አይደል? ቭሮና ሴት ነበረች ማለት ነው?»

«እርስዎም አያውቁም ነበር?»

«ከየት አውቃለሁ! ሲያስተምሩንም የነገሩን የወንዶቹን ስም ነው። መጽሐፉ መቶ ዓመት ይሆነዋል፤ በዚያ ዘመን እኮ ብዙ ሴቶች በወንድ ስም እየተከለሉ ነው ያሳተሙት፤ የራሳቸው ስም በዚያው ጠፋ።» ሽፋኑን በጣታቸው ዳበሱት። «ይሄ ቅጠል ደግሞ እንዲሁ በድንገት አልተለጠፈም። ሆን ብሎ የለጠፈው ሰው አለ። ከቃሉ ቀጥሎ ስሟ ሳይኖር አይቀርም፤ እንዲህ ብሎ የሚጽፍ ሰው መፈረሙ አይቀርም።»

ሳጅን ካሳ ይህን ሲሰማ ጠረጴዛውን መታ። «ያዝነው! ጢሞቴዎስ 'ደራሲዋ' ብሏል፤ ሴት መሆኗን ያውቅ ነበር!»

«ሚስቱንም 'አራስ ነው' ብሏል» አለች ሻሺቱ። «ወንድሙን 'መጥታ ነበረች' አለ። ታዲያ ወንድሙ ሴት ነው?»

ሳጅኑ እጁን ከጠረጴዛው ላይ አነሣ። እሷ ደግሞ ያን ዕለት መምህር ማቴዎስ ቤት ጎራ አለች፤ መግቢያውን ላንብበው ብላ። መጽሐፉን እስኪያመጡላት ግቢው ውስጥ ቆመች። ሽቦ ላይ የተሰጣ አንድ ነጭ ሸሚዝ አለ፤ ታጥቧል፣ ተፈትጓል፣ እጅጌው ላይ ያለው ቡናማ ነጠብጣብ ግን እዚያው ነው።

«ሻይ ፈሶብኝ ነው» አሉ መምህሩ፣ ሳትጠይቃቸው።

በሦስተኛው ቀን ሰው ሁሉ አቶ ሽበሺ ሳሎን ተሰበሰበ። አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። መምህር ማቴዎስ ጥቁር ለብሰው መጥተዋል። ኢንጂነር ይፍሩም አሉ። ጢሞቴዎስ ካቴና እንደታሰረ ከሳጅን ካሳ ጋር በሩ ላይ ቆሟል፤ ከተቀመጡት አንድም ሰላም ያለው የለም።

«አንዲቷ ፊደል የትየባ ስህተት አይደለችም» ብላ ጀመረች ሻሺቱ። ሽፋኑን በመስተዋት አሳየቻቸው፤ ኢንጂነሩም የነገሯትን ደገሙላቸው። «ወይዘሮ ፀዳለ ቭሮናን ሃያ ዓመት ወንድ ሲሉ ኖረው ያን ዕለት ሴት መሆኗን አወቁ። ያፈሩት በዚህ ነው። የተማሩ ሴት ሆነው፣ ሴትን ወንድ አድርገው ተርጉመው። ግን ዕፍረታቸውን ሊደብቁ አልፈለጉም፤ ሊያስተካክሉ ፈለጉ። ለማስተካከል ደግሞ መጀመሪያ የሚነገረው ሰው ማን ነው?»

ማዕዶት አንገቷን ወደ መምህሩ መለሰች።

«ይህን የሚያውቁት ሟችና ቅጠሉን የገነጠለው ሰው ብቻ ነበሩ» አለች ሻሺቱ። «መምህር፣ አስከሬኑ በተገኘ ዕለት እዚሁ ክፍል ውስጥ 'ተርጓሚዋም ደራሲዋም ዛሬ የሉም' ብለውኛል።»

«አፌን አዳልጦኝ ነው! 'ተርጓሚዋ' ስላልኩ ተከታትሎ መጣ።»

«ጢሞቴዎስ ቢሆን አምን ነበር። እኔንም በልጅነቴ አዳልጦኛል። እርስዎ ግን ከዚያ ጥቂት ቀደም ብለው ይህን ልጅ በዚያችው ቃል ሰው ፊት አዋርደውታል። ልጁ ሲሳሳት ያረሙት የሚያውቁትን ለመሸፈን ነው። ጥንቃቄው ሲላላ እውነቱ አመለጠዎት።»

«ይሄ ማስረጃ ነው? አንዲት ፊደል?»

«ብቻዋን አትበቃም። ግቢዎ ውስጥ ተሰጥቶ ያየሁት ሸሚዝዎ ግን አለ። ሳጅን ካሳ የጢሞቴዎስን ሸሚዝ ሲያይ ደም ነው አለ፤ ኩልፎ የሚውል ሰው ሁሉ ሸሚዙ እንደዚያ ነው። የሙዝ ግንድ ሲቆረጥ የሚያንጠባጥበው ውሃ ነው። ሻይ ቢሆን በሳሙና በለቀቀ ነበር፤ የሙዝ ውሃ ጨርቁ እስኪያልቅ አይለቅም። ወይዘሮ ፀዳለ ያን ጠዋት ሙዝ አስቆርጠዋል፤ ወደ ቦዩ የሚወስደው መንገድ ዳርና ዳሩ እርጥብ ግንድ ነበር። ኩልፎ ከወረዱ ወራት ያለፈዎት ሰው ይህን ከየት አመጡት?»

እስካሁን መምህሩን «አሉ» እያልን መጥተናል። ከዚህ በኋላ ግን አንቱታው ይቅር።

«አልገፋኋቸውም!» አለ ማቴዎስ። «እየሳቁ ነበር የጠበቁኝ። 'ሁለታችንም አፍረናል፣ ምረቃው ላይ አብረን ቆመን እንናገር' አሉኝ። ተማሪዎቼ ፊት! ያን ሁሉ ጽፌ፣ ያን ሁሉ አስተምሬ! ጮክ ብለው ሊያነቡልኝ ሲሉ ቅጠሉን ነጠቅኳቸው። ሲከተሉኝ አዳለጣቸው።»

«ሲወድቁ አይተዋል?»

«አይቻለሁ።»

«በሕይወት ነበሩ?»

«እጃቸው ይንቀሳቀስ ነበር።»

«ጉልበት የማይደርስ ውሃ ነው፤ ቀና ማድረግ ይበቃ ነበር። ለምን አላነሷቸውም?»

«ከተነሡ ይናገራሉ» አለ፣ ወለሉን እያየ።

ማዕዶት ተነሥታ ጢሞቴዎስ ፊት ቆመች። ይቅርታ ልትለው ተንበርክካ እግሩን ያዘች። እሱ ደንግጦ «ኧረ በጌታ፣ ተነሺ» እያለ በታሰረ እጁ ሊያነሣት ታገለ። ሳጅን ካሳ ካቴናውን ሲፈታለት ዓይኑን ቀና አድርጎ ሊያየው አልቻለም።

ሻሺቱ ግን ገና አልጨረሰችም። ወንበር ስባ ማቴዎስ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

«ቅጠሉ የት ነው?»

«ቀዳድጄ ቦዩ ውስጥ ጣልኩት።»

«ስሟ ነበረበት። መቶ ዓመት ሙሉ የተለጠፈው እሱ ነው። ወይዘሮ ፀዳለ አይተውታል፤ እሳቸው የሉም። ከእሳቸው ሌላ ያንን ወረቀት የያዘ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ማን ትባላለች?»

ኢንጂነር ይፍሩ ብዕር አወጡ። አቶ ሽበሺ ከሶፋው ጫፍ ድረስ መጡ። ማዕዶት ከወለሉ ቀና አለች። ሁሉም አፉን ያየው ነበር። ማቴዎስ ከንፈሩን አላወሰ፣ ግንባሩን በመዳፉ ደጋግሞ አሸ፣ የሚያስታውሰው ነገር እንዳለ ሁሉ ዓይኑን ጨፈነ።

«አላነበብኩትም» አለ።

ሴት መሆኗን ካወቀ በኋላ ስሟ ድረስ መውረድ አላስፈለገውም።